ዋዛን እንደ ዋዛ

አማርኛችን «ዋዛ» የሚለውን ቃል ለቀልድ፣ ለፌዝና ለማይረባ ነገር ሰጥቶታል። «ዋዛ ፈዛዛ» እንላለን። «ነገሩን እንደ ዋዛ አለፈው» እንላለን። ቁም ነገር አቅልሎ የሚያይ ሰው ሲያጋጥመንም «እንደ ዋዛ እንዳይመስልህ» ብለን እናስጠነቅቀዋለን። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 670 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አሶሳ ለደረሰ ሰው ግን ይኸው ቃል ፍጹም ሌላ ነገር ነው። በቤርታዎች ዘንድ ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው፤ መለከቶቹ በአንድነት የሚያሰሙት ሙዚቃም በዚሁ ስም ይታወቃል። ሁለቱ ቃላት በድምፅ ይገናኙ እንጂ ዝምድና የላቸውም፤ የአጋጣሚ ነገር ነው። ይሁን እንጂ አጋጣሚም አንዳንዴ እውነት ያናግራል። እኛ የመሀል አገር ተመልካቾች የቤርታን ዋዛ ለረጅም ጊዜ ስናየው የኖርነው በአማርኛው ዋዛ ትርጉም ነውና። በዚህ ጽሑፍ የምሟገተው ይህን ልማድ ነው።

ለመሆኑ ዋዛ እንዴት ያለ መሣሪያ ነው? ቅል ይቆረጣል፤ ውስጡ ተፍቆ ይደርቃል፤ ከዚያም አንዱ ቁራጭ በሌላው ውስጥ እየተሰካና እየታሰረ ይቀጠላል። ከመንፊያው በኩል ቀጠን ብሎ ይጀምርና እየሰፋ ሄዶ መጨረሻው እንደ ደወል አፍ ይከፈታል። ትንሹ በአንድ እጅ ይያዛል፤ ትልቁ ከሰው ቁመት አይተናነስም። በአንድ ቡድን ውስጥ መጠናቸው እየተበላለጠ የሚሄድ ብዙ መለከቶች አሉ። ነፊዎቹ በትከሻቸው ላይ ያነገቱትን እንጨት በቀንድ እየመቱ ምቱን ይጠብቃሉ፤ ሴቶቹ ይዘፍናሉ፤ ሰዉ ይዞራል። መኸር ሲሰበሰብ፣ ሠርግ ሲሠረግ፣ እንግዳ ሲከበር ዋዛ ይነፋል።

የዋዛ ትልቁ ምስጢር ግን ከቅርፁ ይልቅ በአነፋፈሱ ላይ ነው። እያንዳንዱ መለከት በመሠረቱ አንድ ድምፅ ብቻ አለው። አንዱ ነፊ ድምፁን አሰምቶ ዝም ይላል፤ ሁለተኛው ይቀበለዋል፤ ሦስተኛው በመካከል ይገባል። ዜማው የሚፈጠረው እነዚህ ነጠላ ድምፆች ሳይቀዳደሙና ሳይዘገዩ እየተከታተሉ ሲጠላለፉ ነው። ከነፊዎቹ አንዱን ለይታችሁ «እስቲ ዘፈኑን አሰማን» ብትሉት ሊያሰማችሁ አይችልም፤ ዘፈኑ እርሱ ዘንድ የለምና። አንዱ ቢቀር ዜማው ላይ ቀዳዳ ይታያል። በዚህ ምክንያት ዋዛን የሚነፋ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው ዝም ማለትን ነው፤ የራሱ ተራ እስኪደርስ የሌላውን ማዳመጥን ነው።

ይህ ብልሃት ለደገኛው ጆሮ ባዕድ ሊሆን አይገባውም ነበር። በነገሥታቱ አደባባይ ከነጋሪት ጋር ይነፋ የነበረው እምቢልታ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። እምቢልታዎቹ ሦስት ሆነው እያንዳንዳቸው ያሏቸውን ጥቂት ድምፆች እየተቀባበሉ ያሰማሉ። በደቡብ የደራሼዎች ፊላም ብዙ ዋሽንቶችን በተመሳሳይ ቅብብሎሽ ያናግራል። እንግዲህ ከአሶሳ እስከ ጊዶሌ፣ ከዚያም እስከ ጎንደር አደባባይ ድረስ የተዘረጋ አንድ የሙዚቃ አስተሳሰብ አለን ማለት ነው። ያንኑ አስተሳሰብ በቤተ መንግሥት ስናገኘው ክብረ መንግሥት እንለዋለን፤ በቤርታ መንደር ስናገኘው ግን ትርዒት እንለዋለን። ልዩነቱን ያመጣው ሙዚቃው ነው እንዳንል ሙዚቃው አንድ ነው። ልዩነቱ ያለው በተመልካቹ ዓይን ውስጥ ነው።

ጀርመናዊው የሙዚቃ አጥኚ አርቱር ሲሞን ከድንበሩ ማዶ በሱዳን የሚኖሩትን ቤርታዎች ዋዛ ቀድተው በበርሊን አሳትመዋል። የአገራችን ልጅ ትምክህት ተፈራም በዚያው በጀርመን አገር ሆነው የምሥራቅ አፍሪቃን የትንፋሽ መሣሪያዎች በሰፊው አጥንተዋል። እነዚህ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ዋዛ በበርሊን የሚደመጥ ሙዚቃ ሆኖ ሳለ በአዲስ አበባ የሚታይ ጭፈራ ብቻ ሆኖ መቅረቱ ሊያሳፍረን ይገባል። ማየትና ማዳመጥ ይለያያሉ።

በአዲስ አበባ የባህል ምሽት ቤቶች ብዙ አምሽቻለሁ። የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ተወዛዋዦቹ በየአምስት ደቂቃው ልብስ እየቀየሩ ከትግራይ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ጉራጌ፣ ከጉራጌ ወደ ወላይታና ወደ ኦሮሞ ይሸጋገራሉ። እንግዳው ያጨበጭባል፤ ትከሻውን ይነቀንቃል፤ የራሱ አገር ተራ ሲደርስ ተነሥቶ ይሸልማል። የምዕራቡ ተራ ሲደርስ ግን የአዳራሹ ጠባይ ይለወጣል። ልብሱ ያጥራል፤ እንቅስቃሴው ያለ ቅጥ ይጋነናል፤ ዓይን ይጎለጎላል፤ ጩኸት ይበዛል። እናም አዳራሹ ይሥቃል። ይህ በጉራጌው ወይም በጎጃሙ ጭፈራ ጊዜ ያልተሰማ ሣቅ ነው። ዋዛውም ቢሆን ያለው በስም ብቻ ነው፤ ድምፁ ከኪቦርድ ይወጣል፤ መለከቱ ካለም ተወዛዋዡ ተሸክሞት ይዞርበታል እንጂ አይነፋበትም። እኔ የምተቸው ተወዛዋዦቹን አይደለም። እነርሱ ታዳሚው የሚፈልገውን ያውቃሉ፤ የሚያሥቀውን ይጨምራሉ። ትችቱ የሚገባው ለሣቁ ነው።

ይህ አቀራረብ ትናንት አልተፈጠረም። በደርግ ዘመን በየአውራጃው የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው የየብሔረሰቡ ዘፈን ወደ መድረክ መጥቷል። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ቡድን የኢትዮጵያን ውዝዋዜና ዘፈን ይዞ ብዙ የዓለም ከተሞችን ዞሯል። ከዚያ በኋላም ከ1999 ዓ.ም. አንሥቶ ኅዳር 29 ቀን የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሆኖ ይከበራል። ዘጠነኛው በዓል በ2007 ዓ.ም. የተከበረው በአሶሳ ከተማ ነበር። የዚያን ዕለቱን ሥርዓት በቴሌቪዥን ተከታትያለሁ። ደስ የሚያሰኝ ነገር ነበረው፤ አሶሳ በካርታ ላይ ብቻ የምትታወቅ የጠረፍ ከተማ መሆኗ ቀርቶ ለአንድ ሰሞን አገሩ ሁሉ ወደ እርሷ ዞረ። ቤርታው፣ ጉሙዙ፣ ሽናሻው፣ ማኦውና ኮሞው በገዛ ከተማቸው አስተናጋጅ ሆነው ቆሙ። በእንግድነት ከመጨፈርና በባለቤትነት ከመጨፈር የቱ እንደሚበልጥ ፊታቸው ይናገር ነበር።

ይሁን እንጂ የሰልፍ ባሕርይ ሰልፍ ነው። ተሰላፊው በክብር ትሪቡኑ ፊት ያልፋል፤ ዜና አንባቢው «ባህላዊ ጭፈራቸውን እያሳዩ» ይላል፤ ካሜራው ወደሚቀጥለው ይዞራል። ዘፈኑ ስለ ምን እንደሚያወራ የሚተረጉምልን የለም። ግጥሙን ያወጣው ማን ነው? ዋዛውን የሠራው ባለሙያ ማን ይባላል? ይህ ዜማ ለመኸር ነው ወይስ ለሠርግ? አንድ የአዲስ አበባ ዘፋኝ ካሴት ሲያወጣ ግጥም የእገሌ፣ ዜማ የእገሌ፣ ቅንብር የእገሌ ተብሎ በሽፋኑ ላይ ይጻፋል። የቤርታው ሙዚቃ ሲቀርብ ግን ባለቤቱ «ብሔረሰቡ» ነው። ስም የሌለው ሰው ደግሞ ክፍያም ሆነ ትችት አይገባውም። እዚህ ላይ አንባቢዬን አንድ ነገር ልጠይቅ። ዋዛ ሲነፋ «ዛሬ ጥሩ አልነፉም» ብሎ የተቸ ሐያሲ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። አንድን ጥበብ መተቸት ማክበር ነው። ሁልጊዜ የሚጨበጨብለት ጥበብ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ጥበብ ነው።

«በጥቂቱም ቢሆን መታየቱ ከነጭራሹ ካለመታየት አይሻልም ወይ?» የሚል ሰው ይኖራል። ክርክሩ ተገቢ ነው። የአሶሳ ልጅ የእናቱን ዘፈን በቴሌቪዥን ሲሰማ የሚሰማውን ኩራት ማንም ሊያጣጥለው አይችልም። ግን አምስት ደቂቃው ሠላሳ ዓመት ሙሉ አምስት ደቂቃ ሆኖ ከቀረ፣ መግቢያ መሆኑ ቀርቶ መዝጊያ ይሆናል። ያየነው ስለሚመስለን ማየት እናቆማለን።

ይህ ዓይን ከየት መጣ ቢባል ከታሪካችን ነው። ደገኛው ከበታቹ በቆላው የሚኖረውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ «ሻንቅላ» በሚል አንድ ቃል ጠቅልሎ ሲጠራ ኖሯል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር በቆየበት ጊዜ ቃሉን ሰምቶ በመጽሐፉ ጽፎታል። ቃሉ የማንም ሕዝብ ስም አልነበረም። ቤርታና ጉሙዝ በቋንቋም በኑሮም የተለያዩ ሕዝቦች ሲሆኑ ቃሉ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከቷቸዋል። ከታሪክ እንደምንረዳው ቃሉ ከስድብነቱ በላይ ለሥራ የሚያገለግል ቃል ነበር፤ ማን ሊፈነገል፣ ማን ሊሸጥ እንደሚችል የሚያመለክት ቃል ነበር።

ቤላ ሻንጉል በወርቁና በሰው ልጁ የተነሣ ከሁለት በኩል የተጨነቀ አገር ነው። የግብጹ መሐመድ ዓሊ ጦር ከ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ከሱዳን በኩል መጣ። በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የራስ መኮንን ዘመቻ አካባቢውን ወደ ምኒልክ መንግሥት አስገባ፤ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዞች ጋር በተደረገው ስምምነት ድንበሩ ተካለለ። ጣልያናዊው አሌሳንድሮ ትሪዩልዚ ስለ አካባቢው በጻፉት መጽሐፍ ርዕስ ላይ ጨውንና ወርቅን ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ምሁር አብዱሰመድ አህመድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከ1897 እስከ 1938 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በቤላ ሻንጉልና በጉሙዝ ምድር የተካሄደውን የባሪያ ንግድ ዘርዝረውታል። ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት በ1916 ዓ.ም. ሕግ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ፈጽሞ ተከለከለ። አዋጅ ንግዱን ይከለክላል። በተረትና በምሳሌ፣ በቀልድና በስድብ ውስጥ የተደበቀውን ግን አዋጅ አይደርስበትም፤ ያ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ሥራ ነው።

ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመው ይኸው አገራችን ለዓለም ጥቁር ሕዝብ ምን እንደሆነች ስናስብ ነው። ከአድዋ ድል ወዲህ፣ ይልቁንም ጣልያን በ1928 ዓ.ም. በወረረን ጊዜ፣ የሐርለም ጥቁር አሜሪካዊ የኢትዮጵያን ስም የራሱ ስም አድርጎ ይዞታል። ዶክተር መላኩ በያን በ1929 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የዚያ ፍቅር ፍሬ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም በዋሽንግተኑ ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሲያስተምር የጥቁር አሜሪካዊ ሠዓልያን ወገን ሆኖ ኖሯል። ጥቁርነት ክብር ነው ብሎ የተነሣው ዓለም ኢትዮጵያን ባንዲራው አደረጋት። እዚህ እኛ ዘንድ ግን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚሄድ የቤርታ ወይም የጉሙዝ ልጅ «ከየት አገር ነህ? ሱዳናዊ ነህ?» ተብሎ ይጠየቃል። በውጭ አገር ጥቁርነታችንን የምንኮራበት እኛው ነን፤ በአገራችን ጥቁርነትን ለሌላ ሰው የምንሰጠውም እኛው ነን። ይህን ቅራኔ የዳሰሰ አንድ ቴያትር በአንድ መድረካችን ላይ ማየት እመኛለሁ።

ስለ ዋሽንግተን ካነሣሁ አንድ ነገር ልጨምር። ዩ ስትሪት የተባለው ሠፈር ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት፣ የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ፣ ቴያትርና ንግድ የደመቀበት ሠፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 በደረሰው ረብሻ ተጎዳ። ቆየት ብሎ የእኛ ሰዎች ሄደው ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱበትና ሠፈሩ ነፍስ እንዲዘራ የበኩላቸውን አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የሠፈሩ አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሣ ግን ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ መጣ። ይህ ስም ሲሰጥ ከእኛ ስም በፊት እዚህ የነበረው ታሪክ ይሸፈናል አሉ። ክርክሩ ያስከፋቸው ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። እኔ ግን ነዋሪዎቹ እውነት ነበራቸው ባይ ነኝ። የሠፈር ስም የሰው መታሰቢያ ነው፤ የተረሳ እንደሆነ ሰውየውም ይረሳል።

የዚህ ምስክር በራሳችን ከተማ አለልን። የታክሲ ረዳት «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» እያለ ሲጣራ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሸጎሌ የአውቶቡስ ጋራዥ ነው፤ ሸጎሌ ከዊንጌት አለፍ ብሎ ያለ ሠፈር ነው። ስሙ የሰው ስም መሆኑን የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ሸጎሌ ማለት ሼህ ሆጀሌ ማለት ነው። ሼህ ሆጀሌ አል ሐሰን የአሶሳ ገዢ ነበሩ። ከራስ መኮንን ዘመቻ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ታሰሩ፤ በኋላ ተፈትተው ወደ አገራቸው ተመለሱና ለቤተ መንግሥቱ ወርቅ እየገበሩ በአካባቢው ከሁሉ የበረቱ ገዢ ሆኑ። በዋና ከተማዋ ያሠሩት ቤት ከአዲስ አበባ ታሪካዊ ቤቶች መካከል ይቆጠራል። ያረፉት በ1930 ዓ.ም. ነው። አፋችን ስማቸውን አለስልሶ፣ አሳጥሮ፣ የማንም ያልሆነ አደረገው።

ሼህ ሆጀሌን ቅዱስ አድርጌ ላቀርባቸው አልፈልግም። የግብራቸው አንዱ ክፍል የሰው ልጅ ነበር። ባለቤታቸው ሲት አምናም በድንበሩ ማዶ በባሪያ ንግድ ተጠርጥረው እ.ኤ.አ. በ1928 በእንግሊዞች እጅ ወድቀዋል። የተሸጡት ደግሞ ከዚያው ምድር የተወለዱ ጥቁሮች ነበሩ። ስለዚህ የምዕራቡን ሕዝብ ባህል ማክበር ማለት የገዢዎቹን ፎቶግራፍ ሰቅሎ ማጨብጨብ አይደለም። እውነተኛ አክብሮት ሙሉውን ታሪክ ይይዛል፤ ወርቅ የገበረውንም፣ በግብርነት የተሰጠውንም ሰው ይጠራል። ሸጎሌ ላይ የሚቆም አንድ ሰሌዳ ይህን ሁሉ በአሥር መስመር ሊነግረን ይችል ነበር።

ወደ ድርሰታችን ስመለስም ነገሩ አይለይም። ፍቅረ ማርቆስ ደስታ በ«ከቡስካ በስተጀርባ» ሐመሮችን ወደ አማርኛ አንባቢ ቤት አስገብቷል። ስለ አተራረኩ መከራከር ይቻላል፤ አንባቢው ግን ከዚያ በኋላ ሐመርን በስም ያውቃል። የኩርሙክና የመንጌ፣ የሸርቆሌና የጉባ ሰው በአማርኛ ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ እንዲያ በየቤቱ አልገባም። ዘፈናችንን ብናይ ደግሞ ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሕዳሴው ግድብ ሥራ ከተጀመረ ጀምሮ፣ «ጉባ» የሚለው ቃል በስንኞች ውስጥ ሞልቷል። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም እንዲሁ። ከሰማኋቸው ከእነዚህ ዘፈኖች በአብዛኞቹ ጉባ ውኃና ኮንክሪት ብቻ ያለበት ሥፍራ ነው። በጉባ ይኖር የነበረው፣ ለግድቡ ሲባል ከቀዬው ተነሥቶ ሌላ ቦታ የሠፈረው የጉሙዝ ሰው በግጥሙ ውስጥ የለም። አባይ ተሞገሰ፣ መሐንዲሱ ተሞገሰ፣ ቦንድ የገዛው ሁሉ ተሞገሰ። ባለቀዬው ግን አንዲት ስንኝ እንኳ አላገኘም። ገጣሚዎቻችን ይህን ያደረጉት በክፋት ነው አልልም። አላዩትም፤ ችግሩም ይኸው ነው።

ባህል በመድረክ ላይ ብቻ አይኖርም፤ በገበያም ይኖራል። አሶሳን ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከስታዲየሙ ይልቅ ወደ ገበያዋ ቢሄድ ይሻለዋል። በወራቱ የማንጎው ክምር መንገዱን ይሞላዋል። ባሚያው፣ ማሽላው፣ ሰሊጡ፣ ማሩ ይቸበቸባል። የሱዳን ቶብ የለበሱ የቤርታ ሴቶች ሻይና ቡና ያቀርባሉ፤ ሽቷቸውና ጭሳቸው የድንበሩን ማዶ ያስታውሳል። ከወንዝ ዳር በባህላዊ መንገድ የታጠበ ወርቅ በትንሽ ሚዛን ይመዘናል። ሽመሉ ደግሞ ቤት ይሆናል፣ አጥር ይሆናል፣ አልጋና ወንበር ይሆናል፤ ለጋው ቡቃያ ወጥ ሆኖ ይበላል። ከአገራችን ሰፊው የሽመል ደን የሚገኘው በዚህ ክልል ነው። ደገኛው በዘፈንና በጭፈራ የሚያወሳው፣ በትከሻው ላይ የሚያጋድመው ሽመል የቆላ ተክል መሆኑን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በአዲስ አበባ ትልልቅ ሕንፃዎች ወለል ላይ የምንረግጠው ዕብነ በረድም ብዙው የተፈለጠው ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ኮረብቶች ነው። ከሥሩ ሳናውቀው የቆምነው በምዕራቡ ሰው ምድር ላይ ነው።

ይህን ሁሉ የምለው ለባህል ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በመተከል ለበርካታ ዓመታት የተደጋገመው ግድያ ብዙ ንጹሐንን ፈጅቷል። አማራው ሞቷል፤ ኦሮሞው፣ አገውና ሽናሻው ሞቷል፤ ጉሙዙም ሞቷል። በእነዚያ ቀናት በዋና ከተማችን ቡና ቤቶች ይወራ የነበረውን አስታውሳለሁ። ገዳዩ በስሙ ወይም በቡድኑ አይጠራም ነበር፤ በመልኩ ይጠራ ነበር። አሮጌው ቃል ተመልሶ መጣ። አንድን ሕዝብ በአምስት ደቂቃ ጭፈራ ብቻ የሚያውቅ ተመልካች፣ ክፉ ቀን ሲመጣ ሕዝቡን ከወንጀለኛው የሚለይበት ሌላ እውቀት የለውም። የጉሙዝ ደራሲ፣ የጉሙዝ መምህር፣ የጉሙዝ ነጋዴ በስም ያውቅ ቢሆን ኖሮ ምላሱ ይይዘው ነበር። ኪነ ጥበብ ጥይት አያቆምም። ሰው በጅምላ እንዳይታይ ማድረግ ግን ይችላል፤ ሥራውም ይኸው ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እኔ የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። አንደኛ፣ ዋዛ ሙሉ ሆኖ ይቀረጽ። ኪቦርድ ሳይገባበት፣ ሳይቆራረጥ፣ ከአንድ ሙሉ ምሽት ሙዚቃ የተወሰደ አንድ ሰዓት በድምፅ ወጥቶ በሱቅ ይሸጥ። በሽፋኑ ላይ የእያንዳንዱ ነፊ፣ የዘፋኞቹና የመሣሪያው ሠሪ ስም ይጻፍ፤ ገንዘቡም ለእነርሱ ይድረስ። ሁለተኛ፣ ግጥሙ ከቤርታ ቋንቋ በቀጥታ ወደ አማርኛ ይተርጎም፤ በቋንቋዎቻቸው የተማሩ የቤርታ፣ የጉሙዝና የሽናሻ ወጣቶች አሉ፤ ሥራው ለእነርሱ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ የባህል ምሽት ቤቶቻችን የምዕራቡን ጭፈራ ከማቅረባቸው በፊት ከምዕራቡ የመጣ አሠልጣኝ ይቅጠሩ። ይህ ከልብስ ኪራይ የበለጠ ወጪ የለውም። አራተኛ፣ ሸጎሌ ላይ ሰሌዳ ይቁም። አምስተኛው ለእኛ ለሐያስያን ነው፤ አሶሳ የሚደረገውን ነገር በዜና ዓምድ ብቻ ሳይሆን በሒስ ዓምድ እንጻፈው። ጥሩውን ጥሩ፣ ደካማውን ደካማ እንበለው። ማባበል ይቅርብን።

አንባቢዬም አንድ ነገር ያድርግልኝ። በሚቀጥለው ኅዳር 29 ቀን የቴሌቪዥኑ ካሜራ ወደ ዋዛ ነፊዎቹ ሲዞር ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። ቀሚሱን፣ ላባውንና መልኩን ለአንድ ደቂቃ ይርሳ። አንዱን መለከት ለይቶ ይከተል፤ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ፣ መቼ ዝም እንደሚል ይቁጠር። ከዚያም ሌላውን ይጨምር። ዜማው ከየት እንደሚወጣ ሲገባው፣ ያን ጊዜ የጨበጨበው ጭብጨባ ለነፊዎቹ ይደርሳቸዋል።